«ባክታ ፕራህላዳ»፦ ከመድረክ ወደ ስክሪን ስለመጣው የመጀመሪያው የቴሉጉ ባለድምፅ ፊልም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በህንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ባለችው በቪሻካፓትናም ለትምህርት ጥቂት ዓመታት ኖሬያለሁ። የከተማው ሰው ስሟን አሳጥሮ «ቪዛግ» ይላታል። እዚያ ያለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች እንግዳ ስም አይደለም። አገር ቤት ከተመለስኩ ወዲህ የህንድ ፊልም ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ስለ «ባክታ ፕራህላዳ» ሳላነሳ አላልፍም፤ የሚከተሉት ጥያቄዎችም ሁልጊዜ ከሰው አፍ የምሰማቸው ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሌላ ካልተገለጹ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ፊልም ምንድን ነው?

በደቡብ ህንድ በሚነገረው በቴሉጉ ቋንቋ ከዳር እስከ ዳር የተነገረበት የመጀመሪያው ባለድምፅ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ኤች ኤም ሬዲ፣ ፕሮዲዩሰሩ አርደሺር ኢራኒ፣ ያሠራው ድርጅት ደግሞ የቦምቤይው (የዛሬዋ ሙምባይ) ኢምፔሪያል ፊልም ካምፓኒ ነበር። ለሕዝብ የታየው የካቲት 6 ቀን 1932 በቦምቤይ ክሪሽና ሲኒማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 28 ቀን 1924 ዓ.ም. ይሆናል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ከጫኑ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር ማለት ነው። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ቀረጻው ሃያ ቀን እንኳ እንዳልፈጀና ወጪውም ሃያ ሺህ ሩፒ ግድም እንደነበር ይነገራል።

«ባክታ» ማለት አምላኩን በፍቅር የሚከተል፣ ልቡን ለእርሱ የሰጠ ሰው ማለት ነው። ፕራህላዳ የልጁ ስም ነው።

ታሪኩን የማያውቅ ሰው ምን ማወቅ አለበት?

ሂራንያካሺፑ የሚባል የአሱራዎች ንጉሥ ነበር። አሱራ በህንድ ትረካ ከአማልክት ጋር የሚዋጋ ኃያል ወገን ነው። ይህ ንጉሥ ቪሽኑ የተባለው አምላክ ወንድሙን ስለገደለበት ቂም ይዟል። ለብዙ ዘመን ራሱን እየቀጣ ሱባዔ ገባ፤ ሌላው አምላክ ብራህማም ተገልጦ «ምን ላድርግልህ?» ቢለው እንዲህ ብሎ ለመነ፦ ሰው አይግደለኝ፣ አውሬም አይግደለኝ፤ በቀን አልሙት፣ በሌሊትም አልሙት፤ በቤት ውስጥ አይሁን፣ በውጭም አይሁን፤ በምድር ላይ አይሁን፣ በሰማይም አይሁን፤ የጦር መሣሪያ አይንካኝ። የለመነውን ሁሉ አገኘ። ከዚያ በኋላ በግዛቱ የቪሽኑን ስም የሚጠራ ሁሉ ጠላቱ ሆነ።

የገዛ ልጁ ፕራህላዳ ግን ያንን ስም ይጠራል። በእናቱ ማህፀን ሳለ ጠቢቡ ናራዳ ሲያስተምር ሰምቶ ነው የተወለደው። አባቱ አስተማሪ ቀጥሮ ትምህርት ቤት አስገባው። አንድ ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «ልጄ፣ ምን ተማርክ?» ሲለው፣ «አባቴ፣ የትምህርቱን ምስጢር ሁሉ ተማርኩ» ብሎ የቪሽኑን ፍቅር ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው መከራ ነው፦ ዝሆን እንዲረግጠው፣ እባብ እንዲነድፈው፣ ከገደል እንዲወረወር፣ ባሕር እንዲጣል፣ እሳት እንዲገባ፣ መርዝ እንዲጠጣ ይታዘዝበታል። ልጁን ምንም አይነካውም።

በመጨረሻ አባትየው በንዴት «አምላክህ በሁሉ ቦታ አለ አይደል? እዚህ ምሰሶ ውስጥስ አለ?» ይላል። ልጁ «አለ» ይላል። ንጉሡ ምሰሶውን በዱላው ይመታዋል። ምሰሶው ተሰንጥቆ ናራሲምሃ ይወጣል፤ ግማሹ ሰው ግማሹ አንበሳ። ጊዜው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፣ ቀንም ሌሊትም አይደለም። ንጉሡን በበሩ ደፍ ላይ ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ ያለ መሣሪያ፣ በጥፍሩ ይገድለዋል። የለመነው አንዱም ሳይፈርስ ሞተ።

እዚህ ላይ ከቪዛግ ይዤ የመጣሁትን አንድ ነገር ላክል። የምንከራይበት ቤት ባለቤት እናት ነበሩ፤ እኛም እንደ ቤቱ ልጆች «አማማ» እንላቸዋለን፤ አያት እንደማለት ነው። በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድመው ተነስተው የውጭውን በር ደፍ ያጥባሉ፣ እርድ ይቀቡታል፣ ቢጫው ሳይደርቅ በጣታቸው ኩምኩም ከሚባል ቀይ ዱቄት ነጠብጣብ ያሳርፉበታል፤ ከፊት ለፊቱ መሬት ላይ ደግሞ በሩዝ ዱቄት ሙጉ የሚሉትን ሐረግ ይስላሉ። አንድ ቀን ተቻኩዬ ስወጣ ደፉን ረገጥኩት። አልተቆጡም። እጄን ይዘው መለሱኝና በእንግሊዝኛና በቴሉጉ እየቀላቀሉ፣ በእጃቸው እያመለከቱ፣ «ይሄ ውስጥ ነው? አይደለም። ውጭ ነው? አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው የናራሲምሃን ጥፍር በጣቶቻቸው ሠርተው አሳዩኝ። የቴሉጉ ሰው ለደፍ ያለው ክብር ከዚህ ታሪክ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የፊልሙን የመጨረሻ ትዕይንት ሳስብ የሚመጣብኝ ያ እርድ የተቀባ ደፍ ነው።

ፊልሙ የተወሰደው ከየትኛው ትያትር ነው?

ከዳርማቫራም ራማክሪሽናማቻሪዩሉ ትያትር ነው። ሰውዬው ከ1853 እስከ 1912 የኖሩ፣ በቤላሪ ከተማ ጥብቅና የሠሩ፣ በዚያው ከተማ «ሳራሳ ቪኖዲኒ ሳባ» የተባለውን የትያትር ማኅበር ያቋቋሙ ናቸው። ቴሉጉዎች «የአንድራ ትያትር አያት» ይሏቸዋል። ቤላሪ ዛሬ በካርናታካ ክልል ውስጥ ናት፤ ቋንቋው የሚወለድበትና ወሰኑ የሚሰመርበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ራማክሪሽናማቻሪዩሉ በመድረክ ላይ ግጥምና ዘፈንን ከንግግር ጋር አዋሕደው ለቴሉጉ ተመልካች የሚሆን መልክ ሰጡት። በጥንታዊው የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ትያትር ወግ ያልተለመደውን በሐዘን የሚያበቃ ትያትርም ጽፈዋል። «ፕራህላዳ»ቸው ወደ ስክሪን ሲመጣ ካረፉ ሃያ ዓመት ሊሞላቸው ተቃርቦ ነበር።

ከእሳቸው በፊት ግን ታሪኩ በቴሉጉ ሌላ ትልቅ ቤት ነበረው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባሜራ ፖታና የተባለ ባለቅኔ ስለ ቪሽኑ የሚተርከውን ቅዱስ መጽሐፍ ባጋቫታ ፑራናን ከሳንስክሪት ወደ ቴሉጉ በግጥም መለሰ። ሥራውን ለንጉሥ መታሰቢያ አድርግ ቢባል እንቢ ብሎ ለአምላኩ ለራማ እንደሰጠው በትውፊት ይነገራል። በሰባተኛው መጽሐፍ ያለው የፕራህላዳ ክፍል ከቴሉጉ ተናጋሪ አፍ የማይጠፋ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ሁለት ሦስት ግጥም ከእሱ ይወጣዋል። ስለዚህ ትያትሩ ሲታይ፣ ከትያትሩ በኋላም ፊልሙ ሲታይ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ታሪኩን ሊያውቅ አልመጣም። ታሪኩን ያውቀዋል። የመጣው ሊሰማ ነው። ስለዚህ ፊልም አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ ብትፈቅዱልኝ ይህንን ነው።

ግጥሞቹ በአማርኛ ምን ይመስላሉ? አንዱን ብትነግረን?

የምሰሶውን ልነግራችሁ። አባት «የት ነው ያለው?» ሲል ልጁ የሚመልሰው ይህ የፖታና ግጥም ነው፦

«ኢንዱ ገላዳንዱ ሌዳኒ
ሳንዴሃሙ ቫላዱ፣ ቻክሪ ሳርቮፓጋቱዱ
ኤንዴንዱ ቬዳኪ ቹቺና
አንዳንዴ ካላዱ ዳናቫግራኒ ቪንቴ»

ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም ብለህ አትጠራጠር፤ ቻክሪ በሁሉ የሞላ ነው፤ የትም የትም ብትፈልገው፣ እዚያው እዚያው አለ፤ የአሱራዎች አለቃ ሆይ፣ ስማ። ቻክሪ ማለት መንኮራኩሩን የያዘ ማለት ነው፣ የቪሽኑ መጠሪያ።

መጀመሪያ ስሰማው ጆሮዬ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አንዳንዴ»። ለእኔ «አንዳንዴ አለ» የሚል መሰለኝ፤ አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። አማማ ሲያስረዱኝ ለካ በቴሉጉ «አንዳንዴ» ማለት «እዚያው እዚያው፣ በዚያው ቦታ ሁሉ» ማለት ኖሯል። አንድ ድምፅ በሁለት ቋንቋ እንዲህ ተቃራኒ ሆኖ ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ግጥሙን በቃሌ ያስያዘኝም ይኸው ነው።

ሱራቢ የሚባሉት እነማን ናቸው?

የፊልሙ ሥጋና ደም እነሱ ናቸው። ሱራቢ በካዳፓ አውራጃ ያለች መንደር ናት። በ1885 የቫናራሳ ቤተሰብ እዚያ በአንድ ሠርግ ላይ «ኪቻካ ቫዳም» የተባለ ትያትር አሳየ። ቤተሰቡ ቀድሞ በቆዳ አሻንጉሊት ጥላ የሚያጫውት ነበር። ከዚያ ወዲህ አያት፣ ልጅ፣ ምራት፣ የልጅ ልጅ ሁሉም በአንድ ድንኳን ውስጥ እየኖሩ፣ ከከተማ ከተማ በባቡርና በጋሪ እየዞሩ የሚጫወቱ ሆኑ። ቤተሰቡ እየሰፋ ሲሄድ ቡድኖቹ በአንድ ወቅት ከሠላሳ በላይ ደርሰው ነበር።

ሁለት ነገር ከሌላው ይለያቸዋል። አንደኛ፣ በሌላው መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ወንድ በሚጫወትበት ዘመን በሱራቢ ሴቶቹ ራሳቸው ተጫወቱ። ሁለተኛ፣ የመድረክ ብልሃታቸው። ሰው በሽቦ ተንጠልጥሎ በአየር ይበርራል፣ ቀስትና ቀስት በአየር ላይ ይጋጫል፣ እሳት ይነድዳል፣ ዝናብ ይዘንባል፤ ሁሉም በገመድ፣ በመብራትና በቀለም በተቀባ መጋረጃ። ኮምፒውተር ሳይመጣ እነሱ ናራሲምሃን ከምሰሶ አውጥተዋል።

የፊልሙ ሊላቫቲ፣ የፕራህላዳ እናት፣ ሱራቢ ካማላባይ ናት። ስለ ልደቷ የሚነገረውን ቴሉጉዎች በፍቅር ይተርኩታል፦ እናቷ ነፍሰ ጡር ሆና በመድረክ ላይ ዳማያንቲ የተባለችውን ገጸ ባሕርይ እየተጫወተች ሳለ ምጥ ያዛት፤ መጋረጃው ወረደ፤ ሕፃኗ እዚያው መድረኩ ላይ ተወለደች፤ ተመልካቹም የትያትሩ ክፍል መስሎት አጨበጨበ ይባላል። ይህች ልጅ አድጋ የቴሉጉ ባለድምፅ ፊልም የመጀመሪያዋ መሪ ተዋናይት ሆነች።

የቴሉጉ ፊልም ሆኖ ለምን ቦምቤይ ተሠራ?

የድምፅ መቅረጫው እዚያ ስለነበረ። የኢራኒ ኢምፔሪያል በመጋቢት 14 ቀን 1931 የህንድን የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልም «አላም አራ»ን አወጣ፤ ያም እንዲሁ ከትያትር የተወሰደ ነበር። በዚያው ዓመት ጥቅምት 31 ቀን «ካሊዳስ» ወጣ፤ ዳይሬክተሩ ያው ኤች ኤም ሬዲ ናቸው። በ«ካሊዳስ» ውስጥ ታሚልና ቴሉጉ ተቀላቅለው ይሰሙ ነበር። ተመልካቹ የቴሉጉን ድምፅ ከስክሪን ከሰማ በኋላ ሙሉውን በቴሉጉ የመሥራት ሐሳብ መምጣቱ አይገርምም። ተዋንያኑ ታሪካቸውን፣ ግጥማቸውን፣ ዜማቸውን ይዘው የህንድን ምድር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠው ሄዱ።

ለምን የትያትር ሰዎች አስፈለጉ? የፊልም ተዋናይ አልነበረም?

ድምፅ አልባው ፊልም መልክ ያለው ሰው ይበቃው ነበር። ድምፅ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ያን ጊዜ ዘፈንን ስቱዲዮ ውስጥ ለብቻ ቀርጾ በኋላ ከተዋናዩ አፍ ጋር ማስተካከል የለም። ተዋናዩ ካሜራው ፊት ቆሞ ራሱ ይዘፍናል፤ ሙዚቀኞቹ ከካሜራው ዕይታ ውጭ ተደብቀው ያጅቡታል፤ ማይክሮፎኑ ሁሉንም በአንድ ላይ ይለቅማል። አንድ ሰው ካሳለ እንደገና ነው። በ«አላም አራ» ጊዜ ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር ባቡሩ ጸጥ በሚልበት በሌሊት ይቀርጹ እንደነበር የታወቀ ነው።

እንዲህ ባለ ሁኔታ ሳይደናገጥ፣ ቃሉን ሳይስት፣ ዜማውን ሳይሰብር ከላይ እስከ ታች የሚዘልቅ ማን ነው? በየምሽቱ ያለ ማይክሮፎን ለሺህ ሰው የዘመረ የመድረክ ሰው ነው።

አንዳንዶች የዘመኑን ፊልሞች «ካሜራ ፊት የተቀመጠ ትያትር» ብለው ያናንቋቸዋል። እኔ አልስማማም። ካሜራው ብዙ አልተንቀሳቀሰ ይሆናል። ግን ሱራቢ ድንኳን ተክሎ በማያውቅባቸው ከተሞች ያለ ሰው የካማላባይን ድምፅ የሰማው በዚያ ፊልም ነው።

«ፓድያም» ምንድን ነው? ዘፈን ነው?

ዘፈን አይደለም፣ ንባብም አይደለም። ብዙውን ጊዜ አራት ስንኝ ያለው፣ ጥብቅ የሆነ ምጣኔ ያለው ግጥም ነው። በትያትር ላይ ተዋናዩ ቃሉን በግልጽ እያወጣ ይጀምራል፤ ሐርሞኒየሙ፣ ትንሹ የእጅ ኦርጋን፣ ከኋላው ይከተለዋል። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ የመጨረሻዋን ፊደል ይይዛታል፤ ይስባታል፣ ያነሳታል፣ ያወርዳታል፣ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ያንዘረዝራታል። ያን ጊዜ አዳራሹ ይጮኻል፦ «ዋንስ ሞር!» ይደገም ማለታቸው ነው፤ ቃሉ ከእንግሊዝኛ ቢመጣም ዛሬ የቴሉጉ መድረክ የራሱ ሆኗል። ሞቶ የወደቀ ገጸ ባሕርይ እንኳ «ዋንስ ሞር» ሲባል ተነስቶ ግጥሙን ደግሞ ተመልሶ ይሞታል ብለው ይተርካሉ።

በእኛ ቅኔ ቤት ባለቅኔው ሲዘርፍ ሰሚው «ይበል!» የሚለውን አስቡት። የቅርብ ዘመዱ እሱ ነው። ቃሉም ዜማውም አብረው ደርሰው ሰሚውን ሲነኩት ዝም ማለት አይችልም።

አንድ ምሽት ከጓደኞቼ ጋር በበዓል ሰሞን ከቪዛግ ወጣ ባለች መንደር ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ትያትር አይቻለሁ። ሕፃናቱ ከፊት መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ግማሾቹ ተኝተዋል። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተዋናዩ ከመጀመሩ በፊት ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ግጥሙን ከእሱ ቀድመው ያውቁታል። የመጨረሻው ፊደል ሲረዝም ዓይናቸውን ጨፈኑ። መድረኩን አላዩትም።

የፊልሙን ዘፈኖች ማን ጻፈ? ሙዚቃውስ?

ዘፈኖቹን የጻፉት ባለቅኔው ቻንዳላ ኬሳቫዳሱ ናቸው፤ በዚህም የመጀመሪያው የቴሉጉ ፊልም የዘፈን ግጥም ደራሲ ይባላሉ። «ፓሪታፓ ባራምቡ ባሪዪምፓ ታራማ» የሚለው፣ «የሐዘንን ሸክም መሸከም ይቻላልን?» እንደማለት፣ የመጀመሪያው የቴሉጉ ፊልም ዘፈን ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው ነው። የእናት እንጉርጉሮ ነው። ሙዚቃውን የሠሩት ኤች አር ፓድማናባ ሻስትሪ ናቸው።

ሌሎቹ ተዋንያንስ?

ንጉሡን ሙኒፓሌ ሱባያ፣ ፕራህላዳን ደግሞ ሲንዱሪ ክሪሽና ራኦ ተጫውተዋል። ልጁ ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር።

ከሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን አንድ ትንሽ ሚና ነው፦ በፕራህላዳ ትምህርት ቤት ያለው ደነዝ ተማሪ። እሱን የተጫወተው ኤል ቪ ፕራሳድ ነው። ይህ ወጣት በ«አላም አራ»ም በ«ካሊዳስ»ም በ«ባክታ ፕራህላዳ»ም በትናንሽ ሚናዎች ታይቷል፤ ማለትም በሂንዲ፣ በታሚልና በቴሉጉ የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልሞች በሦስቱም አለበት። በኋላ ትልቅ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር ሆነ፣ በስሙ የሚጠሩ ስቱዲዮና የፊልም ማጠቢያ ላቦራቶሪ አቋቋመ፣ በ1982ም የህንድ ሲኒማ ከፍተኛ ክብር የሆነውን የዳዳሳሄብ ፋልኬ ሽልማት አገኘ። በሃይደራባድ ያለው ዝነኛ የዓይን ሕክምና ተቋምም ስሙን ይዟል።

ፊልሙ በ1931 ነው የወጣው የሚል አንብቤያለሁ። የቱ ነው ትክክል?

ለብዙ ዓመታት መስከረም 15 ቀን 1931 ተብሎ ሲጻፍና ሲከበር ኖሯል። ስህተቱን ያረሙት ሬንታላ ጃያዴቫ የተባሉ ጋዜጠኛና ተመራማሪ ናቸው። የዘመኑን ጋዜጦችና ማስታወቂያዎች አገላብጠው፣ ፊልሙ የቦምቤይን ሳንሱር ያለፈው ጥር 22 ቀን 1932 መሆኑን አገኙ። ሳንሱር ያላለፈ ፊልም ለሕዝብ ሊታይ አይችልም። የታየበትንም ቀን፣ የካቲት 6፣ ከነሲኒማ ቤቱ ለይተው አወጡ። ዛሬ የቴሉጉ ሲኒማ ልደት የሚታሰበው በዚሁ ቀን ነው።

ይህ የቀን ልዩነት ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመስከረም ቢሆን ኖሮ ከ«ካሊዳስ» ይቀድም ነበር፤ የደቡብ ህንድ የሲኒማ ታሪክ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። የሰው ትዝታና ቃል ብቻ ይዞ የኖረን ነገር አንድ ሰው ወረቀት ለወረቀት ተከታትሎ ሲያቃናው ደስ ይለኛል። የእኛም የሲኒማና የትያትር ታሪክ እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ሰው ይፈልጋል።

ዛሬ ላየው እችላለሁ?

የ1932ቱን አትችሉም። የሚታይ ቅጂ አልተረፈም። የዚያን ዘመን ፊልም ናይትሬት የሚባል ቶሎ የሚቀጣጠልና በሙቀትና በእርጥበት የሚበሰብስ ነገር ነበር፤ ከህንድ የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ ጠፍተዋል፣ «አላም አራ»ም ራሱ የለም። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከማስታወቂያ፣ ከጋዜጣ፣ ከተዋንያኑ ቃል ነው። የካማላባይን የዚያን ቀን ድምፅ የሰማ ጆሮም ዛሬ የለም። ይህን ስጽፍ አዝናለሁ።

ታሪኩ ግን ደጋግሞ ተሠርቷል። ለጀማሪ የምመክረው የ1967ቱን ባለቀለም «ባክታ ፕራህላዳ» ነው፤ የማድራሱ (የዛሬዋ ቼናይ) ኤቪኤም ስቱዲዮ ያሠራው፣ ቺትራፑ ናራያና ሙርቲ ያዘጋጁት። ንጉሡን ኤስ ቪ ራንጋ ራኦ፣ እናትን አንጃሊ ዴቪ፣ ፕራህላዳን ሮጃ ራማኒ የምትባል የሰባት ዓመት ሴት ልጅ ተጫውተውታል። ናራዳን የተጫወቱት ካርናቲክ የሚባለው የደቡብ ህንድ ጥንታዊ ዜማ ታላቁ ዜመኛ ኤም ባላሙራሊክሪሽና ናቸው፤ ለእሳቸው ድምፅ ብቻ ቢታይም አይቆጭም።

ራንጋ ራኦን በደንብ ተመልከቷቸው። የንጉሡ ክፋት ወፍራም ድምፅና ሰፊ ደረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሙ ይረሳ ነበር። እሳቸው ግን ልጁን ሲያዩት ፊታቸው ላይ አባት ይመጣል፤ ልጁ የቪሽኑን ስም ሲጠራ ደግሞ አባትየው ይሸሻል፣ ንጉሡ ይመለሳል። በአንድ ፊት ላይ ሁለቱ ሲፈራረቁ ማየት ያማል።

ተመልካቹ እንደ ፊልም ነው የሚያየው ወይስ እንደ ጸሎት?

ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። በ1975 «ጃይ ሳንቶሺ ማ» የተባለው የሂንዲ መንፈሳዊ ፊልም ሲታይ ሰዎች ጫማቸውን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አውልቀው እንደገቡ፣ አበባና ሳንቲም ወደ ስክሪኑ እንደበተኑ ተመዝግቧል። እኛ ዘንድ ሲኒማ ሲጀመር «የሰይጣን ቤት» ተብሎ እንደነበር ሳስታውስ፣ አንድ መሣሪያ በሁለት አገር እንዴት በተለያየ ዓይን እንደታየ እደነቃለሁ።

የፕራህላዳ ታሪክ በተለይ ከመድረኩ ዘመን ጀምሮ ይህን ክብር ይዞ መጥቷል። በታሚል ምድር ሜላቱር በምትባል መንደር በየዓመቱ በናራሲምሃ በዓል ሰሞን በቴሉጉ የተጻፈ የፕራህላዳ የዜማ ትያትር ሌሊቱን ሙሉ ይታያል። የናራሲምሃ ጭምብል በቤተ መቅደስ የሚሰገድለት ነው። የሚያጠልቀው ሰው ይጾማል፤ ጭምብሉን ሲለብስ መንፈሱ ይወርድበታል ተብሎ ስለሚታመን ሌሎች ሰዎች ይዘውት ይቆማሉ። ከቪዛግ አጠገብ ባለው በሲምሃቻላም ኮረብታ ያለው የናራሲምሃ ምስልም ዓመቱን ሙሉ በሰንደል ልቁጥ ተሸፍኖ ይኖራል፤ እውነተኛ መልኩ የሚታየው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ፕራህላዳ የተወረወረበት ኮረብታ ያ ነው ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። ሰልፉን ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ሌሊት ተጀምሮ በማግስቱም አላለቀም።

ከእኛ ታሪኮች ጋር ይመሳሰላል?

እናቴ ታሪኩን ስነግራት ሳልጨርስ «ቂርቆስ ነዋ!» አለች። የሦስት ዓመቱ ሕፃን ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ውስጥ ሲጣል፣ ሠለስቱ ደቂቅም ከእቶኑ እሳት ሲወጡ፣ እኛ በሐምሌና በታኅሣሥ 19 የምናስበው ነው። ልጅ በንጉሥ ፊት ቆሞ የማያፍርበት፣ እሳት የማይበላው ታሪክ ለጆሮአችን ባዕድ አይደለም። እምነቶቹን ግን አንድ አላደርጋቸውም፤ እያንዳንዱ በራሱ ቤት ይከበር።

አንድ ልዩነት ግን አለ፣ ፊልሙንም ከባድ የሚያደርገው እሱ ነው። በቂርቆስ ታሪክ ገዢው ባዕድ ነው፣ እናት አጠገቡ ናት። በፕራህላዳ ታሪክ የሚያሳድደው አባቱ ነው፤ መርዙን ለልጇ እንድታጠጣ የምትታዘዘውም እናቱ ናት። የካማላባይ እንጉርጉሮ ከዚያ ይወጣል።

ቴሉጉ ከሂንዲ ይለያል?

ይለያል፣ ፈጽሞ። ቴሉጉ የድራቪዲያን ቋንቋ ነው፤ የራሱ ፊደል አለው፤ በአንድራ ፕራዴሽና በቴላንጋና ክልሎች በዋነኛነት ይነገራል። በ2011 የህንድ ቆጠራ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፍ መፍቻዬ ብለውታል። «የህንድ ፊልም» ሁሉ ቦሊዉድ አይደለም።

ለልጆች ማሳየት ይቻላል?

የ1967ቱን ይቻላል፤ የእባቡና የዝሆኑ ክፍል ትንንሾቹን ሊያስፈራ ይችላል፣ የመጨረሻው የናራሲምሃ ትዕይንት ደግሞ ደም አለበት። እኔ የእህቴን ልጆች ሳሳያቸው ምሰሶው ጋ ስንደርስ አቆምኩትና ግጥሙን በቃሌ አልኩላቸው። ትንሿ «አንዳንዴ ነው ያለው?» አለችኝ። እንደ አማማ እጇን ይዤ ወደ በራችን ደፍ ወሰድኳትና አስረዳኋት።